ሲዬና አላርሙ በራሱ እየጮኸ ነው፣ ሌሊት መንገድ አለብኝ፣ እንዴት ነው የሚጠፋው? (ጎንደር ማራኪ)

የማራኪዋ (ከምሽቱ 3:50)
እንዴት አመሻችሁ ወገኖቼ፣ የምታውቁ ቶሎ ንገሩኝ በእናታችሁ። መኪናው ቶዮታ ሲዬና ነው፣ የወንድሜ ነው፣ እሱ አዲስ አበባ ነው ስልኩ ዝግ ነው። ከመሸ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ማንም ሳይነካው፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ! አከራያችን ሁለቴ ወጥተው ምን ሆናችሁ አሉን፣ የጎረቤት ሕፃን ተነስቶ እያለቀሰ ነው አፍሬ ሞትኩ። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ወደ ቆላድባ መውጣት አለብኝ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነው 80 ቀኗ ነገ ነው፣ የክርስትና እናቷ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ወጡም እንጀራውም ጠላውም ተጭኗል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ነጥብ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ሌባ እየነካካው ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። አላርሙን ጭራሽ መቁረጥ ነው የምፈልገው፣ ሽቦው የቱ ነው? ወይስ ፊውዝ አለው?

የቀሃ ልጅ (3:54)
ባትሪውን ንቀይው አለቀ። ሌሊት ስትወጪ ትመልሺዋለሽ።

ጋሽ ሹፌር (4:01)
ልጄ መጀመሪያ እግዜር ይስጥሽ ቀድመሽ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። እኔ ጎንደር መተማ፣ ጎንደር ሁመራ ስመላለስ ስንት ዘመኔ ነው፣ የማየው ነገር ሰው መኪና ይቀበላል፣ ነዳጅ የቱ ጋ እንደሚሞላ ብቻ ጠይቆ ይወጣል። የሰው መኪና ስትቀበይ ስኮርታው የት ነው፣ ክሪኩ የት ነው፣ ፊውዙ የት ነው፣ ሊብሬው የት ነው፣ አላርሙ በምን ይጠፋል ብለሽ አንድ በአንድ ትጠይቂያለሽ፣ ወንድምሽም ቢሆን። አሁን ወደ ጉዳዩ ስመጣ ይሄ የሴንሰር ነገር ነው። ከመሪው ስር ትንሽ ጥቁር ሳጥን ተጣብቃ ታገኛለሽ፣ ላይዋ ላይ በካቻቢቴ የምትዞር ነገር አለች፣ ወደ ግራ ትንሽ መለስ ስታደርጊያት ንፋስም ከባድ መኪናም ሲያልፍ አይጮኽም። በኔ ሚኒባስ እንዲህ አድርጌ ነው የተገላገልኩ። ሌላው ደግሞ በሌሊት ጭነት ጭኖ መውጣት ራሱ ደግ አይደለም፣ ጎሕ ሲቀድ ውጭ።

ኤሌትሪኩ (4:08)
እህት ምንም ሽቦ እንዳትቆርጭ። ሦስት ነገር መልሽልኝ። 1 መኪናው የስንት ዓመት ምርት ነው? 2 የሚጮኸው የራሱ ክላክስ ነው ወይስ ዊው ዊው የሚል ሌላ ሳይረን? 3 ውስጡ የበራ መብራት አለ ወይ?
ቀይዋን ነጥብ አትፍሪያት፣ ቁልፍ ሲወጣ ብልጭ ማለቷ ጤነኛ ነው፣ ጥበቃው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። የምትወስደው ኃይልም ኢምንት ነው።

የማራኪዋ (4:15)
2006 ነው። የሚጮኸው ክላክሱ ነው ጲጵ ጲጵ እያለ፣ መብራቶቹም አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። የውስጥ መብራት አላየሁም መስታወቱ ጥቁር ነው፣ ደግሞ እስከ ጣራው ተጭኗል። አሁንም ጮኸ!! አራተኛው ነው፣ በሪሞት አጠፋሁት

የቀሃ ልጅ (4:17)
ባትሪውን ንቀይ ብያለሁ

ንጉሤ ቤት ፊት (4:19)
ለምንድነው ሌባ አይደለም የምትሏት? እኛ ሰፈር ማታ ማታ የቆመ መኪና እጀታ እየሞከሩ የሚሄዱ ልጆች አሉ። ማጥፋት ሳይሆን አንድ ሰው ግቢ ውስጥ አስቀምጭ። ሊብሬና መንጃ ፈቃድም ፊት ያለው መሳቢያ ውስጥ ትታችሁ አትደሩ፣ ሌባ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። ስልክም ወንበር ኪስ ውስጥ አይተውም።

የማራኪዋ (4:21)
ግቢው በር ተቆልፏል አጥሩም ከፍ ያለ ነው። ሊብሬውን ግን አሁን ላውጣው እውነትህን ነው

ኤሌትሪኩ (4:26)
ክላክሱ ከሆነ የፋብሪካው አላርም ነው። ጋሽ ሹፌር ያሉት ሳጥን ኋላ ተገዝቶ በሚገጠም አላርም ላይ ነው ያለው፣ እርስዎ እውነትዎን ነው ጋሼ ግን የሷ መኪና ላይ ያ ሳጥን የለም፣ በሌሊት ከመሪ ስር ገብታ ሽቦ ስትጎለጉል እንዳታድር። የዚህኛው አላርም ንፋስ አይሰማም። የሚያየው በሮቹን፣ የኋላውን በርና የፊት ኮፈኑን ነው። ተቆልፎ ሳለ አንዱ "ተከፍቻለሁ" ካለው ይጮኻል። ስለዚህ አንዱ በደንብ አልተዘጋም ወይም ኮንታክቱ፣ በሩ መዘጋቱን የሚያሳውቀው፣ ቆሽሿል። አላርሙን ብትቆርጭው ጩኸቱ ይቀራል፣ በሩ ግን እንደተከፈተ ነው፣ መንገድ ላይ ወጥሽን ታፈሽዋለሽ።
ባትሪ ንቀይ ላልከው ወንድሜ፦ ተቆልፎ ሳለ ነቅለህ መልሰህ ስትሰካው ያኔውኑ ይጮኻል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ! ደግሞ በኤሌትሪክ የሚሄደው ተንሸራታች በር ካለው በእጅ አንዴ ግጥም አድርገህ ካልዘጋኸው በአዝራሩ አልሄድም ይላል።

ጋሽ ሹፌር (4:29)
እሽ ልጄ የፋብሪካውን አላውቀውም፣ የኔ የተገጠመ ነው። ኮፈኑን ግን ከፍተሽ መልሰሽ ዝጊው፣ ኮፈን ብዙ ጊዜ በአንዷ ጥርስ ብቻ ይያዛል።

እቴ ጠይም (4:33)
አንች ልጅ ኧረ የኋላውን በር እይው! እኔ አምና ለጥምቀት እንግዳ ከአዘዞ ኤርፖርት አምጥቼ ሻንጣውን እስከ በሩ ድረስ ቆልዬ በጉልበቴ ገፍቼ ዘጋሁትና ፒያሳ ላይ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ መኪናው ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አንድ ሻንጣ በሩን ከውስጥ እየገፋው ነበር። አንች ምን ምን ጭነሻል? ድስቱንስ የት አስቀመጥሽው?

የማራኪዋ (4:38)
ሁለት ትልቅ ድስት ዶሮ ወጥ፣ ሁለት ጀሪካን ጠላ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ ትልቁ ሞሰብ፣ የእናቴ ትራስና ጋቢ። ሞሰቡ መጨረሻ ነው የገባው ኋላ በሩ ጋ፣ አዎ በጉልበት ነው የዘጋሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። ቆይ ልውጣና ልየው

የአራዳው (4:40)
ጠላው እየፈላ ክዳኑን ገፍቶት ይሆናል አላርሙ የሚጮኸው 😀 የጀሪካኑን ክዳን ግን እውነት ላላ አድርጊው፣ ተጠቅጥቆ ከተዘጋ ያብጣል፣ እኔ አንዴ ሙሉ ወንበር ጠላ አጠጥቻለሁ ሽታው እስከ ሁዳዴ አለቀቀም።

የማራኪዋ (4:52)
ኡፍ አገኘሁት መሰለኝ!! የሞሰቡን ክዳን በነጠላ አስሬው ነበር፣ የነጠላው ጥለት በበሩ መቆለፊያ ውስጥ ገብቶ ተነክሷል፣ ጥቁር ግራሶ ሆኖ ወጣ። በሩን ስከፍተው የኋላ መብራቷ ግን ፈዝዛ ብርቱካን መስላ ነበር፣ ቁልፉን አስገብቼ ሞተር ላስነሳ ስል ትክ ትክ ትክ ብቻ ነው፣ አይነሳም። አሁን ምን ላድርግ

የቀሃ ልጅ (4:53)
ባትሪ ብዬ ነበር

ጋሽ ሹፌር (4:55)
ምንም አይደለም አትደንግጭ። ሦስት ጎረምሳ ጥሪ፣ ግቢው ቁልቁለት ካለው በሁለተኛ ማርሽ አድርገሽ ፍሪሲዮን ይዘሽ ያስገፉሽ፣ ሲንደረደር ትለቂዋለሽ፣ ይነሳል።

ሲዬና ያለኝ (4:57)
ጋሼ ይቅርታ ግን ሲዬና ኦቶማቲክ ነው፣ ማንዋል ሲዬና የለም። ፍሪሲዮን የለውም ተገፍቶም አይነሳም። ባትሪው ጭራሽ ከሞተ እንዲያውም ማርሹ ከፒ፣ ከማቆሚያው፣ አልወጣም ይላል። ሰው አታድክሚ።

ጋሽ ሹፌር (4:58)
ኦቶማቲክ ነው እንዴ። እሽ ካቮ ነው እንግዲህ፣ ከሌላ መኪና ባትሪ በሽቦ ማስነሳት።

ኤሌትሪኩ (5:09)
ጎሽ በርትተሻል፣ ችግሩ አንድ ነው ሁለት አይደለም። ጥለቱ መሃል ሆኖ መቆለፊያው አንዴ ዘግቻለሁ አንዴ ከፍቻለሁ ሲል አላርሙ ይጮኻል፣ የውስጥ መብራቱም ተከፍቷል ብሎ ይበራል። ከ9 ሰዓት እስካሁን ወደ 8 ሰዓት ነው። አስቢው፣ አምፖሎቹ በድምሩ 30 ዋት ቢሆኑ በ12 ቮልት ሲካፈል 2.5 አምፔር ነው፣ በ8 ሰዓት 20 አምፔር ሰዓት ሄደ። 60 አምፔር ሰዓት የሆነ አዲስ ባትሪ ይችለው ነበር፣ ያረጀ ግን ግማሹንም ላይዝ ይችላል፣ በዚያ ላይ አራት ጊዜ ክላክስ፣ በዚያ ላይ የጎንደር ብርድ። ትክ ትክ የሚለው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ኃይል አጥቶ ነው እንጂ አልተበላሸም።
አሁን መጀመሪያ ጣራው ላይ ያለችውን የመብራት ማብሪያ እይ፣ ሦስት ቦታ አላት፣ ኦን፣ ዶር፣ ኦፍ። ኦፍ ላይ አድርጊያት፣ በር ተከፍቶም አትበራም፣ ዕቃ ስታወጭ ስታገቢ እዚያው ትቆይ። በስልክሽ መብራት ሥሪ። የኋላ ወንበር በላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶችም ልጆች ተጭነዋቸው እንዳይሆን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጊ።
ከዚያ ካቮ ያለው ጎረቤት ፈልጊ፣ ማንኛውም 12 ቮልት የቤት መኪና ይሆናል፣ 24 ቮልት የሆነ የጭነት መኪና ግን በፍጹም። ቀዩን ካቮ ከሞተው ባትሪ ፕላስ፣ ሌላው ጫፍ ከደህናው ፕላስ። ጥቁሩን ከደህናው ማይነስ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ባትሪሽ ላይ ሳይሆን ራቅ ያለ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ፣ ምክንያቱም ባትሪ ጋዝ ያወጣል እዚያው ላይ ብልጭታ አይፈለግም። የሰውዬው መኪና 5 ደቂቃ ይሥራ ከዚያ አስነሽ። ስትፈችው በመጣበት ተቃራኒ ነው፣ መጀመሪያ ጥቁሩ ከብረቱ።
ከተነሳ ወዲያው አታጥፊው፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ቆላድባም ስትደርሽ ሌላ መኪና አጠገብ አቁሚ።

እቴ ጠይም (5:15)
ጭነቱን ደግሞ እንዲህ አርጊው እቴ። ሲዬና ከሦስተኛው ወንበር ኋላ ጥልቅ ጉድጓድ አለው፣ ወንበሩ ሲታጠፍ የሚገባበት። ወንበሩን አትጠፊው፣ ቀጥ ይበል፣ ድስቶቹን ክዳናቸውን በጨርቅ ጠፍረሽ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጫቸው፣ በመሃላቸው የእናትሽን ትራስ ወትፊ፣ ከአዘዞ ስትገነጠይ መንገዱ ሲያንገጫግጭሽ ወዴትም አይሄዱም። ጀሪካኖቹ ከወንበር ኋላ ተደግፈው። ሞሰቡን አውጥተሽ መሃል ወንበር ላይ ቀበቶ እሰሪለት፣ እንደ ሰው። በሩ ጋ ምንም አይነካው፣ ስትዘጊው ራሱ ክብደቱ ብቻ ይዝጋው፣ መግፋት ካስፈለገሽ ተጭነሽበታል ማለት ነው።

ሲዬና ያለኝ (5:20)
በግራ በኩል ያለው ተንሸራታች በር ሌሊት ነዳጅ ስትሞይ አልከፈት ካለሽ እንዳትደነግጭ፣ የነዳጁ ክዳን ክፍት ሳለ ሆን ብሎ አይከፈትም። እኔ ተበላሸ ብዬ ጋራዥ ወስጄው ነበር፣ ልጁ ክዳኑን ዘጋና በሩን ከፈተልኝ፣ ብርም አልተቀበለኝም። ሕፃናት ከኋላ ካሉ ደግሞ የተንሸራታቹ በር ጠርዝ ላይ ያለችውን የልጅ መቆለፊያ ገልብጫት፣ ከውስጥ አይከፍቱትም።

የማራኪዋ (5:24)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። መብራቱን ኦፍ አድርጌዋለሁ፣ ሞሰቡን አወጣሁት። ካቮ ግን ግቢ ውስጥ የለም አከራያችንም መኪና የላቸውም። ሰዓቱ ደግሞ ሄደ ማንን ልቀስቅስ

የቀሃ ልጅ (5:26)
ማራኪ የቱ ጋ ነሽ? ካቮ አለኝ። ቪትዝ ናት ግን ታስነሳዋለች አሁን ልምጣ? በውስጥ መስመር ላኪልኝ

ኤሌትሪኩ (5:28)
ቪትዝ ትችላለች፣ ትንሽ ቆይታ ትፈልጋለች ብቻ። 10 ደቂቃ ጋዝ ረገጥ አድርገህ ያዝላት፣ ከዚያ ትሞክር።

ጋሽ ሹፌር (ከሌሊቱ 10:40)
ልጄ ተነሳልሽ? ወጣሽ? አዘዞ ስትደርሽ አንድ ቃል ጻፊልን።

እቴ ጠይም (ከቀኑ 6:10)
የክርስትና እናት ምነው ዝም አልሽ፣ ደረሳችሁ ወይ? የቀሃ ልጅ አንተስ ሄድክላት?

ኖህ ነጩ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ሰላም፣ የኔ መኪና ቶዮታ ኖህ ነው፣ የኋላ በር በደንብ ተዘግቶም ዳሽቦርዱ ላይ የበር ምልክት አልጠፋ ብሎኛል፣ ምንም አልጫንኩም። መቆለፊያው ውስጥ ያለችው ኮንታክት በምን ትጸዳለች? ጎንደር ውስጥ የሚሠራ ሰው የምታውቁ ካላችሁም