«ነዋሪው ቅሬታ እንጂ ሐሳብ ይዞ አይመጣም» ስለተባለው፦ የባሕር ዳር ነዋሪዎች በብዕር ስም የተከራከሩት

ሽምብጥ፦
በክፍለ ከተማው መድረክ ላይ አንድ ኃላፊ «ነዋሪው ቅሬታ እንጂ ሐሳብ ይዞ አይመጣም» አሉ። አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ለአንድ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ተሰጥቶ፣ ቃለ ጉባኤው የት እንደሚደርስ ሳይነገር ምን ዓይነት ሐሳብ ነው የሚጠበቀው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ሕዝቡ በሚነካው ፕሮጀክት ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ሰጥቶታል። ችሮታ አይደለም።

አባይ ማዶ፦
መብቱስ አለ። ግን መድረክ ላይ የሚነሣው «መንገዳችን ተበላሸ፣ ቦያችን ሞላ» ነው። ከየት እስከ የት? ስንት ሜትር? በቃል ለተነገረ ነገር በጀት አይያዝም። በጽሑፍ አስገቡና የመዝገብ ቁጥር ይዛችሁ ውጡ።

ታንኳ፦
ወረቀት አምላኪዎች መጣችሁ! የመረጥነው ምክር ቤት እያለ ነዋሪው እንደ ጉዳይ ፈጻሚ መዝገብ ቤት ይመላለስ?

አባይ ማዶ፦
«ወረቀት አምላኪ» ላልከው፦ ማመልከቻህ ጠፋ ቢሉህ የገቢ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ እጅህ ላይ አለ። የመድረክ ንግግርህ ቢጠፋ ምን ታሳያለህ? በሁለት ኮፒ አዘጋጅ፣ አንዱን ስጥ፣ ሌላውን ማኅተም አስመታበት፣ ለየትኛው ክፍል እንደተመራም ጠይቅ።

የእድር ጸሐፊ፦
ስትጣሉ ወሩን ረሳችሁት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጎርፉም የሚያጥለቀልቀን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሰው ውሃው ደጁ ሲገባ ይጮኻል፣ ያን ጊዜ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። ፎቶውን በክረምት አንሡ፣ ውሃው ግድግዳ ላይ የደረሰበትንም ለኩ። ማመልከቻው ግን መሥሪያ ቤቶቹ የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ በሚያዘጋጁበት በጥርና በየካቲት ይግባ።

ታንኳ፦
ጋሼ፣ ይህን ለነዋሪው ማን ነገረው? ወሩን በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጥፉ፤ ከዚያ «ሐሳብ አይመጣም» ይበሉ።

ሽምብጥ፦
እኔም የምለው ይኼንኑ ነው።

ሰባታሚት፦
ስለ ቦይ ካነሣችሁ ልጨምር። ከተማችን ሜዳ ናት። መውጫውን ሳይጽፉ «ቦይ ይሠራልን» ማለት ጎርፉን ለታችኛው ሰፈር መላክ ነው። ርዝመቱ፣ የመንገዱ ስፋት፣ ከሥር ያለው የውሃ ቧንቧ፣ የሚነሣው የመብራት ምሰሶ፣ የሚገናኝበት ዋና መስመር ይገለጽ። በእጅ የተሣለ ንድፍ ይበቃል። ክዳኑ ሁለት ሰው የሚያነሣው ይሁን፤ ወጥ ኮንክሪት ከተመረገበት ደለሉን መጥረግ አይቻልም፣ ቦዩ ይደፈናል። ክረምት ሳይገባ ማን እንደሚጠርገውም ጻፉ። በቀጥታ ወደ ጣና የሚለቀቅ ቦይ ግን አልደግፍም፣ ፍሳሹ የሐይቁን አረም፣ እምቦጩን ይመግበዋል።

ታንኳ፦
እምቦጩንስ ለማን እናመልክት? ሁሉም «እኔን አይመለከትም» ይላል።

አባይ ማዶ፦
ሐይቁ ብዙ ወረዳዎችን ስለሚነካ እሱ የክልል ጉዳይ ነው። አዲሱን የአባይ ድልድይ ያሠራው የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው፤ መብራትም የፌዴራል ነው። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን፣ ቦይና ቆሻሻ ማንሣት ግን የከተማው ነው። አድራሻው ከተሳሳተ ማመልከቻው እዚያው ተኝቶ ይቀራል።

ታንኳ፦
ታዲያ የተቀበለው መሥሪያ ቤት ለሚመለከተው አይመራውም? ደመወዝ የሚበላው ለምንድን ነው? ሥራው ሁሉ ነዋሪው ላይ ተጫነ እኮ!

ሰባታሚት፦
እዚህ ላይ ከታንኳ ጋር ነኝ።

ሽምብጥ፦
ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ለማወቅ የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ 590/2000ን ጥቀሱ። ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ጥያቄ ስታቀርቡ እስከ 30 ቀን ምላሽ መስጠት አለበት።

ታንኳ፦
ዝም ቢሉስ?

አባይ ማዶ፦
መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ አቤት በል፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም። የማኅተሙን ኮፒ ይዘህ።

ታንኳ፦
ይኸው፣ ሦስተኛ ወረቀት! የምክር ቤት አባሉ ሰፈር ወርዶ ለምን አይሰማም? መልሱልኝ።

አባይ ማዶ፦
ይውረድ፣ ማን ከለከለ? ሲወርድ ግን ምን ትሰጠዋለህ?

የእድር ጸሐፊ፦
ፊርማ ስታሰባስቡ ከየስሙ ጎን የቤት ቁጥር ይኑር፣ ሁሉም በገዛ እጁ ይፈርም። በአንድ ሰው እጅ የተሞላ ዝርዝር መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው።