የኤሌክትሪክ አደጋ ቁጥር ከወር ወር ወጣ ገባ ሲል፣ መቼ ነው መደንገጥ ያለብን?

ሴፍቲ_ኦፊሰሩ
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ፣ የደህንነት ክፍል ነው። ኮረንቲ የነዘረው ሰው፣ የተቃጠለ ኬብል፣ ሳይቆለፍ የተከፈተ ፓነል፣ ለጥቂት የተረፈ አደጋ፣ ሁሉንም እመዘግባለሁ። የ6 ወሩ ይኸው፦ 3፣ 5፣ 2፣ 4፣ 7፣ 3። 2 የሆነ ወር ምስጋና ተጻፈልን። 7 ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠርቶ «ምን ነካችሁ?» አለ። ቀጥሎ 3 ሲሆን ደግሞ «አያችሁ፣ ስብሰባው ሠራ» ተባለ። እኔ አልተዋጠልኝም፤ ግን በኤክሴል የትሬንድ መስመር ሳሰምርበት ወደ ላይ ይወጣል። ምን ልበል?

ቁጥር_ወዳጅ
መስመሩን ለጊዜው ተወው። 7ቱን 4 አድርገህ ሞክር፤ ያው መስመር ወደ ታች ይዞራል። አንድ ወር የሚያገላብጠው መስመር ሪፖርት ላይ አይወጣም።

የሚሻልህ አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዋልተር ሸዋርት በ1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ኮንትሮል ቻርት ነው፤ ቁጥሩ በተለመደው ሁኔታ እስከ የት ወጣ ገባ እንደሚል በወሰን መስመር የሚያሳይ ሥዕል ማለት ነው። አማካይህ 4 ነው። እንዲህ ላለ ቆጠራ የአማካዩን ስኩዌር ሩት ትወስዳለህ፣ 2። በ3 ስታባዛው 6። የላይኛው ወሰን 4 ሲደመር 6፣ 10 ይሆናል፤ የታችኛው ከዜሮ በታች ስለሚወርድ የለም። ስለዚህ 2ም ሆነ 7 ምንም ሳይለወጥ ሊመጣ የሚችል ቁጥር ነው። ያ ምስጋናም ያ ቁጣም በከንቱ ነበር (ይህን ለአለቃህ ለስለስ አድርገህ ንገረው)። ከ10 ያለፈ ወር ካየህ፣ ወይም 8 ወር በተከታታይ ከአማካዩ በአንድ ወገን ከሆነ፣ ያኔ ምክንያት ፈልግ። 6 ነጥብ ግን ለመነሻ ያህል ነው፤ ወደ 20 ሲደርስ ወሰኑን እንደገና አስላው።

አንድ ጥያቄ፦ በዚያ 7 በሆነበት ወር ስንት የሥራ ሰዓት ነበር?

ሴፍቲ_ኦፊሰሩ
ጥሩ ጠየቅክ። ማሽኖቹ ቆመው ትልቅ ጥገና የተደረገበት ወር ነው፣ የኮንትራክተር ሠራተኞችም ነበሩ። ከኤሌክትሪክ ጋር የሚሠሩትን ሰዓት ብቻ ሳወጣ 14,000 ገደማ ነው፤ ሌሎቹ ወራት 7,000 አካባቢ ናቸው።

ቁጥር_ወዳጅ
አየኸው? 7 ለ14,000 ማለት በ1,000 ሰዓት 0.5 ነው። የቀሩት 5 ወራት ድምር 17፣ ሰዓታቸው 35,000፤ እሱም 0.49። ያ «ክፉ ወር» ከሌሎቹ በምንም አይለይም። ከአሁን በኋላ ቁጥሩን በሰዓት አካፍለህ ሣል።

የፓነል_ሰው
እኔ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ ሒሳቡን ለእናንተ ልተው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ እኛ ጋ ኮረንቲ ሲነዝረን እጃችንን አራግፈን ሥራ እንቀጥላለን፤ ማን ሪፖርት ያደርጋል? አለቃ ስብሰባ ጠርቶ ከጮኸ በኋላማ ጭራሽ። ያ 3 የተባለው ወር እኔን አያሳምነኝም፤ ምናልባት አፍ ተዘግቶ ይሆናል።

ደግሞ «ትንሽ ነዘረኝ» የሚባለውን አትናቁ። በሰውነት የሚያልፈው ኮረንቲ 10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲደርስ እጅ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። ያው የተላጠ ገመድ ደረቅ እጅ ሲነካው ይነዝራል፣ ላብ ያለበት እጅ ሲነካው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን ምን እንደተነካ፣ ብሬከሩ ወርዶ ተቆልፎ እንደነበር፣ በቴስተር ተለክቶ እንደነበር ጻፍ። አዲስ የሪፖርት ቅጽ ያወጣችሁ ቀን ቻርቱ ላይ ምልክት አድርግ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አደጋው ጨምሮ ሳይሆን ሰው መናገር ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ሴፍቲ_ኦፊሰሩ
አመሰግናለሁ ጓዶች። ቅጾቹን እንደገና ሳገላብጥ ከ24ቱ 11ዱ የኤክስቴንሽን ገመድ ናቸው፣ ሽፋኑ የተላጠ ወይም ሶኬቱ የተሰነጠቀ። በወር በወር ስቆጥር ይህ አልታየኝም ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ከቻርቱ ጋር የገመድ መግዣ ጥያቄም አስገባለሁ።

የፓነል_ሰው
አሮጌዎቹን ስትሰበስብ ጫፋቸውን ቁረጠው። አለዚያ ማታ ከቆሻሻው ወጥተው ጠዋት ሥራ ላይ ታገኛቸዋለህ።