ኤም ኤስ ያለባትን ታካሚ እንደ ስትሮክ ታካሚ አሠራኋት፤ አሁን ባልደረቦቼን ምን ላስተምር?

ጠያቂ (ፊዚዮቴራፒስት፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። መጋቢት ላይ አንዲት ወጣት እናት መጣችልኝ። አዲስ አበባ ሄዳ ኤምአርአይ ተነሥታ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) የሚባል የነርቭ በሽታ ነው ተብላለች። ቀኝ እግሯን ትጎትታለች፣ ቶሎ ይደክማታል። እስከ ዛሬ በእጄ ያለፉት አብዛኞቹ የስትሮክና የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ታካሚዎች ናቸው። ስለዚህ የለመድኩትን አደረግሁ። «በርቺ፣ አንድ ዙር ብቻ!» እያልኩ ገፋኋት። ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ክፍሉ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ስንጨርስ እግሯ አልታዘዝ አላት። ዓይኔም ደበዘዘብኝ አለች። ጎዳኋት ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። በማግስቱ ስደውል ወደ ነበረችበት ተመልሳለች።

አሁን አለቃዬ ለ12 ባልደረቦቻችን የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጅ ብሎኛል። ፊዚዮቴራፒስቶችና ነርሶች ናቸው። ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ ስለ በሽታው አመጣጥና ስለ መድኃኒቱ ነው። ታካሚዋ ፊት ስንቆም ምን እናድርግ የሚለውን ከየት ልጀምረው?

መልስ 1 (የነርቭ ሕክምና ሬዚደንት)

ወንድሜ፣ አልጎዳሃትም። ያየኸው የሙቀት ነገር ነው። በኤም ኤስ የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቭ ሽፋን፣ ማየሊንን፣ ያጠቃል። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ የሰውነት ሙቀት ትንሽ ከፍ ካለ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኡትሆፍ ይህን በ1890 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

ሥልጠናውን ከዚሁ ከራስህ ታሪክ ጀምር። ከዚያ ልዩነቱን አሳያቸው። በሙቀት የመጣ ድክመት በዕረፍት ይለቃል። አዲስ ምልክት መጥቶ 24 ሰዓት ካለፈው፣ ትኩሳትም ኢንፌክሽንም ከሌለ፣ አገርሽቶባት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ትላክ።

መልስ 2 (ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ታካሚዎች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን እንዲሠሩ የሚረዳ ባለሙያ)

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤቷ እንጀራ የሚጋግረው ማን ነው?

ሠልጣኞችህ ሁሉ ይህን ጥያቄ ይዘው ይውጡ። በኛ አገር ታካሚዋን የሚጥላት ሙቀት ያለው ምጣድ ፊት ነው። አንዲት ታካሚዬ ሁልጊዜ ቅዳሜ ይብስባት ነበር። ምክንያቱ አልገባኝም። ቤቷ ስሄድ ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን እንጀራ በአንዴ ነው የምትጨርሰው፤ ያውም ጭስ ቤት ቆማ። ተነጋገርንና ለሁለት ቀን ከፈለችው። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ትጋግራለች። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ነጠላዋን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ አንገቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሊጡን እኅቷ ታቦካለች። ቅዳሜዋ ተመለሰላት።

ለሥልጠናው የምመክርህ መልመጃ ይኸው ነው። ሁለት ሁለት ሆነው የአንዲት የጎንደር እናት ውሎ ከንጋት እስከ ማታ ይጻፉ። ውሃው፣ ልጆቹ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዳገቱ። ከዚያ የቱ ይከፈል፣ የቱ ተቀምጣ ይሠራ፣ የቱ ለሌላ ሰው ይሰጥ ብለው ይምረጡ። ግን የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። «ቡናውን እኔው ነኝ የማፈላው» ካለች፣ ጉልበቷን ለቡናው እንድታተርፍ እንረዳታለን እንጂ አንነጥቃትም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ያስተምራል፤ ከዚያም ሰው ጋብዝ።

መልስ 3 (ታካሚ)

ኤም ኤስ እንዳለብኝ ካወቅሁ 9 ዓመቴ ነው። ሲያዩኝ ደህና ነኝ። አንድ ባለሙያ «ምንም አልሆንሽም፣ ስንፍና ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊዚዮቴራፒ አልሄድኩም። ድካሙ የሥራ ድካም አይደለም። አንዳንድ ቀን ተኝቼ ስነሣ ከአዘዞ በእግሬ የመጣሁ ያህል ነው።

እባካችሁ «ዛሬስ እንዴት ነሽ?» በሉና መልሱን ጠብቁ። የትናንት መልሴ ለዛሬ አይሆንም። ቀጠሮ ጠዋት ስጡን። ደግሞ ሥልጠናው ላይ አንድ ታካሚ ትናገር። የባጃጇን ክፈሉላት፣ መቀመጫም አዘጋጁላት።

መልስ 4 (ነርስ)

ሽንትን እንዳትረሳ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ እንዳያመልጣቸው ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ትኩሳቱ እግራቸውን ያዝላል፣ እኛም በሽታው አገረሸ እንላለን። አፍረው አይነግሩንም። እኛ እንጠይቅ፤ ሴት ታካሚን ሴት ባለሙያ ብትጠይቃት ይሻላል።

መልስ 5 (ነባር ፊዚዮቴራፒስት)

የተባለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። ሠልጣኞቹ ፈርተው «አርፈሽ ተኚ» እንዳይሏት። ድሮ እንደዚያ ይመከር ነበር፣ ብዙ ሰው አልጋ ላይ ቀርቷል። እንቅስቃሴ በሽታውን አያስነሣውም። ቀላልና መካከለኛ ችግር ላለባቸው የሚመከረው በሳምንት 2 ጊዜ 30 ደቂቃ ልብና ትንፋሽ የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ 2 ጊዜ ደግሞ ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። 30 ደቂቃው ከከበዳት አሥር አሥር ደቂቃ አድርጋችሁ በመሃል አሳርፏት። መስኮት ክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አቅርቡ። የባሰባት ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልለቀቃት በሚቀጥለው ቀንሱላት።

አካሄዷንም ለኩ። 7.62 ሜትር ኮሪደር ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በቃ። ግን ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ይሁን። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከሰዓት ከለካችሁ ቁጥሩ ያሳስታችኋል።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ትልቅ ሸክም አቀለላችሁልኝ። የበሽታውን አመጣጥ ወደ አንድ ሰዓት አሳጠርኩት። የውሎው መልመጃ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይይዛል። ነርሷ ያነሣችውንም እሷ እንዳለችው አካትቻለሁ። ለዚያች ታካሚዬም ደወልኩላትና ይቅርታ ጠየቅኋት። መጥታ ለመናገር ፈቃደኛ ናት። ጠዋት 3 ሰዓት ይሁንልኝ፣ ወንበሬም መስኮቱ አጠገብ ይሁን ብላለች። ቦታውን ይዤላታለሁ።