ሻነን ካውንቲ ኦግላላ ላኮታ መባሉ ተገቢ ነበር?

ካርታ ወዳድ፦ በአሜሪካዋ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት ውስጥ ሻነን ይባል የነበረው ገጠር ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል) ከሜይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦግላላ ላኮታ ተብሏል። እደግፋለሁ። ፒተር ሻነን በ1882 ሱ (Sioux) የሚባለውን ነባር ሕዝብ፣ ላኮታዎችንም ጨምሮ፣ መሬቱን ለማስለቀቅ ፊርማ ሊያሰባስቡ ከተላኩት ኮሚሽነሮች አንዱ ነበር። የእሱን ስም ተሸክመው ለምን ይኑሩ?

ሰነድ መርማሪ፦ ወንድሜ፣ ካውንቲው የተፈጠረው እኮ በ1875 ነው፤ ኮሚሽኑ የመጣው ከ7 ዓመት በኋላ። ሻነን በ1875 የዳኮታ ቴሪቶሪ (ገና ግዛት ያልሆነው የዚያ አካባቢ አስተዳደር) ዋና ዳኛ ነበር። የ1882ቱን ስምምነትም ኮንግረስ አላጸደቀውም። አሜሪካ ከሱ (Sioux) ሕዝብ ጋር በ1868 በተዋዋለችው የፎርት ላራሚ ውል አንቀጽ 12 መሠረት የአዋቂ ወንዶች ሦስት አራተኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር፣ አልተሟላም። ስም ይፋቅ ከተባለ ምክንያቱ በትክክል ይነገር።

የሕግ ሰው፦ ቀኑ ልክ ነው፤ ግን የለውጡን ክርክር ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም። በ1875 መሬቱ በዚያው ውል ለሱ (Sioux) ሕዝብ የተከለለ ነበር። የቴሪቶሪው ሕግ አውጪዎች የሰው መሬት ላይ መስመር አስምረው የዳኛቸውን ስም ሲጽፉበት ነዋሪውን ማን ጠየቀ? ዛሬም ካውንቲው በሙሉ ፓይን ሪጅ ሪዘርቬሽን (ለነባሩ ሕዝብ የተከለለ መሬት) ውስጥ ነው። በኖቬምበር 2014 ነዋሪው ሲጠየቅ 2,161 ደገፈ፣ 526 ተቃወመ።

ሰነድ መርማሪ፦ ድምፁን አከብራለሁ። ችግሬ መዝገቡ ነው፤ አንድ ቦታ በሁለት ስም ሲመዘገብ ተመራማሪ ይስታል። በዋሽንግተን ግዛት ያለው ኪንግ ካውንቲ በ1986 ባሪያ አሳዳሪውን ዊልያም ሩፉስ ኪንግን ትቶ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ሲሆን አንድ ፊደል አልተነካም።

የሕግ ሰው፦ እዚያ ስሙ ገጠመ። ላኮታዎች የሚያከብሩት ሌላ ሻነን ከየት ይምጣ?

ዳታ ሠራተኛ፦ መዝገቡን በሚመለከት፣ ዋናው ችግር ኮዱ፣ ማለትም እያንዳንዱ ካውንቲ በመንግሥት መረጃ የሚለይበት ቁጥር፣ ላይ ነው። ኮዶቹ የፊደል ተራ ስለሚከተሉ 46113 ወደ 46102 ተለወጠ። የድሮና የአዲስ ሰንጠረዥ እንዳለ ካያያዛችሁ ካውንቲው ካርታው ላይ ባዶ ይወጣል። ከማያያዛችሁ በፊት የድሮውን ኮድ በአዲሱ ተኩ። በስያሜው ለውጥ ድንበሩ ስላልተነካ ሌላ ስሌት የለውም። በዚያው ዓመት የአላስካው ዌድ ሃምፕተን ኩሲልቫክ ሲባልም 02270 ወደ 02158 ዞሯል፤ ይህን እንደ ጽሑፍ ጫኑት፣ እንደ ቁጥር ከገባ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል። ሁለት መስመር ሥራ ነው፤ ለዚህ ተብሎ የሕዝብ ድምፅ አይቀለበስም።