ኮምቢዬ የደብረ ታቦርን አቀበት ስትወጣ ትግላለች፣ ምን ላድርግ?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የቀረችኝ የ1974 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ኮምቢ አለችኝ፣ ሞተሯ 1600፣ በአየር የሚቀዘቅዘው። ባሕር ዳር ውስጥ ምንም አትልም። ጣጣው ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር አቀበቱን ስንያያዘው ነው። ዓለም ሳጋ ጫካ ሳንደርስ ጉልበቷ ያልቃል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፣ ቆሜ ቁልፉን ካወጣሁ በኋላ እንኳ ሞተሩ ትንሽ ይዞርና ተንቀጥቅጦ ነው የሚጠፋው። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሚኒሞ ላይ (ቆሜ ነዳጅ ሳልሰጣት ስትዞር) የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። አንዱ መካኒክ "ወፍራም ዘይት አድርግባት" አለኝ፣ ሌላው "የኋላውን የሞተር ኮፈን በእንጨት ደግፈህ፣ ከፍተህ ንዳት"። ሁለቱንም አደረግኩ፣ ባሰባት። ራዲያተር የላት ውሃ አልጨምርላት! ለፋሲካ እናቴን ላደርሳት ቃል ገብቻለሁ።

ባለ ሁለት ቮልስ፦
መጀመሪያ ያንን እንጨት ጣለው። ኮፈኑ ሲከፈት አየር የሚገባ ይመስላል፣ ግን ፋኑ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) በኩል የሚወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ሊስበው ይችላል። የሞተሩ ክፍል ከላይ ቀዝቃዛ፣ ከታች ትኩስ ሆኖ በላሜራና በጎማ የተከፈለ ነው። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተቀደደ አለቀልህ። ማታ መብራት ከሥር አስገባና ከላይ ሆነህ እይ። ብርሃን ያየህበት ቀዳዳ ሁሉ ትኩስ አየር ይገባበታል። የካንዴላ ገመዶቹ ላይ ያሉትን ክብ ጎማዎችም እንዳትረሳ፣ ብዙ ሰው ከናካቴው አውጥቶ ይጥላቸዋል።

የድሮ ጋራዥ፦
ልጄ፣ ቁልፍ ከወጣ በኋላ መዞሩ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ከልክ በላይ ግሎ ነው። ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) አሳይ፣ ከቀደመ ያግላል። የቫልቮላዎቹን ክፍተት ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክል። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቮላው በደንብ አይገጥምም፣ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስረከብ ያቅተውና ይቃጠላል። ወፍራም ዘይት ያሉህ ሰዎች አሳስተውሃል። ግፊቱ ሲበዛ ዘይቱ ማቀዝቀዣውን ሳይነካ በአቋራጭ ይመለሳል። መላው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ግማሽ ሊትር ቢጎድል ቀልድ አይደለም። አቀበት ላይ ደግሞ በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተች አትጎትታት! ፋኑ የሚዞረው ከሞተሩ ጋር ነው፣ ሞተሩ ሲያዘግም እሱም ያዘግማል። ሳትደክም ቀድመህ ወደ ሦስተኛ አውርዳት፣ ትጩህ፣ ምንም አትሆንም።

ቺንጋ የበጠሰኝ፦
የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ እዚያው ቁም። ዲናሞውንም ፋኑንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፣ እሱ ከተበጠሰ ፋኑም ቆሟል ማለት ነው። እኔ ከጢስ ዓባይ ስመለስ "ባትሪ ነው፣ ከተማ ልግባ" ብዬ ነዳሁ። ሞተሩን ቀየርኩ። አሁን ትርፍ ቺንጋ ከወንበሩ ሥር አይጠፋም።

የጣና ዳር ልጅ፦
ጉድ ስሙ። ዛሬ ፋኑን የሸፈነውን ላሜራ አነሳነው። ክረምቱን ሐይቁ ዳር ቆማ ስለነበር አይጥ ቤቷን ሠርታበታለች! የደረቀ ደንገል፣ የጤፍ ገለባ፣ የተቦጨቀ ፌስታል፣ ሁሉም የዘይት ማቀዝቀዣው ላይ ተነጥፏል። ከሥሩ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ጭቃ ደርቋል፣ በብሩሽና በናፍጣ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ጋሼ እንዳሉት ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ቫልቮላው ክፍተት የሚባል ነገር አልነበረውም። አስተካክለን፣ ዘይቱን ቀይረን፣ ወጣሁ። ዓለም ሳጋን በሦስተኛ አለፍኳት፣ ሽታ የለም፣ ስትጠፋም ቀጥ ብላ ጠፋች። የዘይት መብራቷ ግን ሚኒሞ ላይ አንድ ሁለቴ ብልጭ ብላብኛለች። ዙሪያውን ያለው ጎማም ባሕር ዳር አልተገኘም፣ የፍሪጅ በር ጎማ ቆርጬ ልለጥፍበት ነው።

የድሮ ጋራዥ፦
የፍሪጁ ጎማ ሙቀት አይችልም፣ ይለሰልስና ይወድቃል። የጭነት መኪና በር ጎማ ፈልግ። መብራቷን ደግሞ ዝም አትበላት። የዘይቱን ግፊት በመለኪያ ሳታስለካ እናትህን ይዘህ መንገድ እንዳትወጣ።