ጃቫ ፈርኔ እየጠቆረ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሃዊ_ጅማ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ጅማ ነኝ፣ 60 ሊትር አኳሪየም አለኝ ጉፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ናቸው ያሉት፣ ጠጠሩ ውስጥ የተከልኩት ጃቫ ፈርን የሚባል የውሃ ተክል ከግንዱ እየጠቆረ እየላላ ነው፣ መስታወቱም አረንጓዴ ሆኗል፣ መስኮት ስር ነው ያስቀመጥኩት። ማዳበሪያ ልጨምርበት? ከቦዬ ረግረግስ የውሃ ሳር ባመጣ?

ዓሣ_ወዳጅ፦ ማዳበሪያውን ተዪው እህቴ። የጃቫ ፈርን አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንዱ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ በቃ ችግሩ እሱ ነው። አውጪው፣ የላላውን በምላጭ ቁረጪና አረንጓዴ ቅጠል ያለበትን ድንጋይ ላይ በክር እሰሪው፣ ሥሩ ቀስ እያለ ራሱ ይይዛል። መስታወቱ ላይ ያለው አልጌ ነው፣ ከመስኮቱ አርቂው፣ መብራት በቀን በድምሩ ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ቢበራ ይበቃዋል።

የቆጪ_ልጅ፦ ከቦዬ እንዳታመጪ በናትሽ😅 ከሳሩ ጋር ቀንድ አውጣና የነፍሳት እጭ ይመጣል፣ አንዳንዱ እጭ ጫጩት ጉፒ ይበላል። ደሞ የጅማ ሌሊት ብርዱ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ቀላል አይደለም፣ ጉፒ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ነው የሚመቸው፣ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ከሌለሽ አስቢበት።

ሙሌ፦ የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አትጠቢው፣ ክሎሪኑ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ (አሞኒያ) የሚያጠፉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ እጠቢው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ደሞ ለዓሦቹ ምግብ አትስጫቸው፣ ረሃቡን ይችሉታል።

ሃዊ_ጅማ፦ ተባረኩ! የስፌት ክር ይሆናል?

ዓሣ_ወዳጅ፦ ይሆናል፣ ጥጥ ከሆነ እንደውም ራሱ በስብሶ ይጠፋል፣ እስከዛ ተክሉ ይዟል።