በልምምድ የሚስተካከል፣ በንግግር የሚመለስ ስሕተት

ፒያሳ አካባቢ ከሥራ በኋላ ለሚማሩ ጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሪሌቲቭ ክሎዝ (ስምን የሚገልጽ ሐረግ፣ «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል «የገዛሁት» እንደሚለው) ላይ ከደረስን ወዲህ ግን አንድ ስሕተት አልነቀል ብሎኛል፤ ተማሪዎቼ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» እያሉ መጨረሻው ላይ «ኢት»ን ይጨምራሉ። «የገዛሁት» ስንል «ት» ተሳቢውን ስለሚያመለክት፣ በእንግሊዝኛውም ቦታው ባዶ እንዳይቀር የሚሹ ይመስለኛል። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን እያጣመሩ ትርፉን ተውላጠ ስም በቀይ እስክሪብቶ እንዲሰርዙ አደረግሁ፤ በዚህ ልምምድ የሚሳሳት የለም ማለት ይቻላል። ስለ ውሏቸው በራሳቸው ቃል ሲናገሩ ግን ጎበዞቹ ሳይቀሩ «ዘ ታክሲ ዛት አይ ቱክ ኢት» ይላሉ። እያቋረጥሁ ሳርማቸው ደግሞ የመናገር ድፍረታቸው ይጠፋል፤ ይህ ከስሕተቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጎልማሶችን የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪውን ሳታቋርጡ በጽሑፍ የያዘውን ሕግ ወደ ንግግሩ ያሸጋገረላችሁ ምን ዓይነት የክፍል ሥራ ነው?